ቆሞ ካደረ ይበላሻል

ባሏ የሞተው አንድ ጠዋት፣ ጀልባዋን ወደ ማቆሚያው አስጠግቶ ገመዱን ብረቱ ላይ እየጠመጠመ ሳለ ነው። "ቆይ፣ ትንሽ ልቀመጥ" አለና ጣውላው ላይ ተቀመጠ። እሷ በውሃ የተሞሉ ጠርሙሶች የተደረደሩበትን ሳጥን ታቅፋ ደረጃውን መውጣት ጀምራለች። ዝም ሲልባት ዞር አለች፤ ዝም የሚል ሰው አልነበረምና። ወደ ጎኑ ዘንበል ብሏል። አንደኛው ጫማው ወልቆ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። መጀመሪያ ዓይኗ ያረፈው ጫማው ላይ ነው። ሳጥኑን ጠርሙሶቹ እንዳይጋጩ ቀስ ብላ አስቀመጠች፤ ከዚያ ነው የሮጠችው።

ክሊኒኩ ሩቅ አልነበረም። ወደቡ ላይ ዕቃ የሚያወርዱ ሰዎች ተሸክመው አደረሱት። ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ጥቂት እንደቆየች ነርሷ ወጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። ነርስ ቆማ ካናገረች ደህና ነው፤ ከተቀመጠች ነገር አለ።

"እትዬ፣ የሚጠሩት ሰው አለ?" አለቻት።

"ወንድሙ አለ" አለችና ስልኳን ሰጠቻት። ነርሷ ደወለች።

እሷ ተነስታ ወጣች። ወደ ቤቷ ግን አልሄደችም። ወደ ማቆሚያው ተመለሰች፤ ሳጥኑ ያስቀመጠችበት ቦታ አለ፤ ጥላው እየሸሸ ፀሐይ ሊደርስበት ጥቂት ቀርቶታል። አነሳችውና ወደ ሥራ ቦታዋ ሄደች።

ዋርሳዋ፣ የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ ክሊኒክ ደርሶ አጣት፤ ቤቷ ሄዶ አጣት። በመጨረሻ ላቦራቶሪ ውስጥ አገኛት። ነጭ ጋውኗን ለብሳ፣ ጓንቷን አጥልቃ ውሃ ታጠልላለች። ፓምፑ ያንጎራጉራል፤ ቀላ ያለው ውሃ በማጥለያው ወረቀት አልፎ ጠብ ጠብ ይላል።

"ወንድሜ ሞቷል" አላት፣ ያልሰማች መስሎት።

"አዎ" አለች።

"ታዲያ ምን እየሠራሽ ነው?"

"ውሃ እያጠለልኩ።"

"ወንድሜ ሞቶ አንቺ ውሃ ማጥለል?"

"ቆሞ ካደረ ይበላሻል" አለችው።

ይህቺ ቃል ከሬሳው ቀድማ ሰፈር ገባች።

ሴትዮዋ የምትሠራው ወንዙ ባሕር በሚገባበት ቦታ፣ ውሃ በሚያጠና አንድ ጣቢያ ውስጥ ነው። ሙያዋ የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ይባላል፤ ዓሣ አጥማጆቹ ግን "ውሃ ቀማሿ" ይሏታል። ጀልባ ላይ ቆማ ጠርሙስ ወደ ብርሃን አንስታ ስታይ ከሩቅ ስለሚመለከቷት የምትቀምስ ይመስላቸዋል። "እትዬ፣ ዛሬስ ጨው ልክ ነው?" ብለው ሲጮሁባት መልሱን የምትሰጠው እሷ አልነበረችም፤ ጀልባውን የሚነዳው ባሏ ነበር። "ጨውስ ልክ ነው፣ ሽንኩርት ይጎድለዋል" ይላል። እሱን ደግሞ "ካፒቴን" ይሉት ነበር፤ ጀልባዋ አምስት ሰው ከያዘች ስድስተኛው እግሩን የሚያሳርፍበት የላትም።

ሥራው እንዲህ ነው። ወንዝ ባዶውን አይመጣም። ከላይ ከደኑ፣ ከእርሻው፣ ከረግረጉ ያለፈበትን ሁሉ እያጠበ ይወርዳል። ቅጠሉ፣ ሥሩ፣ ገለባው በስብሶ ይሟሟና ውሃው እንደ ቀጭን ሻይ ይቀላል። ጠርሙስ ውስጥ አድርገው ቢያዩት ጥራጊ አይታይበትም፤ ቢያጠልሉትም ወረቀቱ ላይ አይቀርም፤ እንደ ስኳር ሟሙቷል። ይህ የሟሟ ነገር ለባክቴሪያ ቀለብ ነው። ባክቴሪያው ሲበላ ይተነፍሳል፤ ሲተነፍስ ውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሳል። ጣቢያው ማወቅ የሚፈልገው ወንዙና ባሕሩ በሚደባለቁበት በዚያ አፍ ላይ ምን ያህሉ እንደሚበላ፣ ምን ያህሉ ደግሞ ሳይነካ ወደ ባሕር እንደሚያልፍ ነው። እሷ ውሃውን ትቀዳለች፤ ታጠልላለች፤ የተመጠነ ባክቴሪያ ጨምራበት አንድ የአየር አረፋ እንኳ ሳታስቀር ጠርሙስ ውስጥ ታሽጋለች፤ ብርሃን የማይገባበት፣ ሙቀቱ የማይለዋወጥ ሣጥን ውስጥ ትቆልፋለች። ከዚያ በየጊዜው እያወጣች የቀረውን ኦክስጅን ትለካለች። የቀነሰው ያህል ተበልቷል ማለት ነው።

ውሃው በተቀዳበት ቀን ካልተጠለለ ግን ባክቴሪያው ጠርሙሱ ውስጥ እንዳሻው ሲበላ ያድራል፤ በማግስቱ የሚለካው ወንዙ አይደለም፣ ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ ለዋርሳዋ የተናገረችው እውነቷን ነው። የሰፈሩ ሰው ግን እውነት መሆኑን አልጠየቀም። ምን ዓይነት ሴት በዚያ ሰዓት እንዲህ ትላለች ነው ያለው።

ካፒቴኑ ባክቴሪያዎቹን "እነዚህ ሰዎች" ይላቸው ነበር። ጠዋት ላቦራቶሪ በር ላይ ብቅ ብሎ፣ "እነዚህ ሰዎች ምን በልተው አደሩ?" ብሎ ይጠይቃል። ብዙ ከበሉ "እንግዳ መጥቶባቸዋል" ይላል፤ ትንሽ ከበሉ "ጾም ይዘዋል" ይላል። ጀልባ ላይ ሲወጡ እሱ ያወራል፣ እሷ ትሰማለች። ሲመለሱም እሱ ያወራል። ትዳራቸው እንደዚያ ነው የኖረው፤ እሷም ቅር ብሏት አያውቅም። የመጀመሪያ የሥራ ቀኗ ላይ ትልቁን የመስታወት ዕቃ ስትሰብር መጥረጊያ ይዞ የመጣው እሱ ነው። "አይዞሽ፣ ይኼ ዕቃ ድምፁ ጥሩ ስለሆነ ሁሉም አንዴ ይሰብረዋል" አላት። ውሸቱን ነበር፤ ከሷ በፊት ማንም ሰብሮት አያውቅም።

ለቅሶው ላይ አላለቀሰችም። መኖሪያቸው ከጎማ ጠጋኝ በላይ ያለ ሁለት ክፍል ቤት ነው፤ ሰዉ ደረጃው ላይ ሳይቀር ተደርድሮ ተቀመጠ። ሊያጽናኗት የመጡትን እሷ ስታጽናናቸው ዋለች። አንዷ ጎረቤት ትንፋሽ እስኪያጥራት ስታለቅስ "ተይ፣ ይበቃሻል፣ ራስሽን ያምሻል" እያለች በብርጭቆ ውሃ አቀረበችላት። ከሌላ ከተማ የመጣችው ልጇ፣ መነጽር ቤት ውስጥ የምትሠራው፣ ፊቷ አብጦ ጥግ ላይ ተቀምጣ እናቷን ታያታለች። ደግ ደጉን የሚያወሩት "እንባዋ ወደ ውስጥ ነው የሚፈሰው" አሉ። ሌሎቹ "ዕድሜዋን ከውሃ ጋር ኖራ እንዴት እንዲህ ደረቀች" አሉ። ዋርሳዋ ከእነዚህም ከእነዚያም አልሆነም፤ ከቀብሩ በኋላ ወደ ቤቷ መምጣቱን ተወ። ወንድሙ በሕይወት ሳለ "እታለም" እያለ የሚጠራት፣ በር ሳያንኳኳ የሚገባ ሰው ነበር። አሁን መንገድ ላይ ሲያያት ይሻገራል።

እሷ ይህንንም አየች፣ አለፈች። ጥርስ ሲነቀል መርፌ የተወጋ ድድን ምላስ ሲነካው የሌላ ሰው እንደሚመስል ሁሉ፣ የራሷ ነገር የሌላ ሰው ሆነባት። እንቅልፍ ይወስዳታል። ምግብም ትበላለች። ልጇ ስትደውል "ደህና ነኝ" ትላለች፤ ደህና ናት ደግሞ፣ የሚያማት የለም። ልጅቷ ስልኩ ላይ ስታለቅስ እናትየው ታች ጎማ ጠጋኙ ጎማ ሲደበድብ እየሰማች ዝም ብላ ትጠብቃለች። "እማዬ፣ አለሽ?" ትላታለች። "አለሁ።"

ጣቢያው አዲስ የጀልባ ነጂ ቀጠረ። ሰውየው ቀድሞ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር፤ ጡረታ ወጥቶ ቤት መቀመጥ አላስችል ብሎት ነው የመጣው። ጠቆር ያለ መነጽር ያደርጋል፤ ውሃ ወደሚቀዱበት ቦታ ሲደርሱ ሞተሩን ቀንሶ፣ "ወራጅ አለ?" ይላል። የላቦራቶሪው ሰዎች "ፌርማታ" የሚል ስም አወጡለት። የመጀመሪያው ቀን የካፒቴኑን የዝናብ ካፖርት አምጥታ ሰጠችው።

"እትዬ፣ ይኼማ የባለቤትዎ ነው" አለ፣ እጁን ወደ ኋላ ስቦ።

"የመሥሪያ ቤቱ ነው" አለችው። "ከፈለጉ እጅጌውን ያሳጥሩት፤ እሱ እጁ ረጅም ነበር።"

ፌርማታ ለበሰው። እጅጌውን ግን አላሳጠረውም፤ ጠቅልሎ ያደርገው ነበር።

የጣቢያው ኃላፊ በዕድሜ ከሷ የምታንስ ዶክተር ናት፤ ሥራዋን የምታውቅ፣ ሰው የማታስቀይም። አንድ ቀን ሁለቱ ጠርሙስ ሲያጥቡ ዶክተሯ ወሬ ጀመረች። "ያውቃሉ እትዬ፣ ባክቴሪያ መጀመሪያ የሚበላው ትኩሱንና ቀላሉን ነው። ጠንካራው እንዳለ ይቆያል፤ ፀሐይ ሰባብራው ነው ኋላ የሚበላው። ሐዘንም ምናልባት ..."

"ዶክተር፣ ይኼ ውሃ ነው" አለቻት።

ዶክተሯ ፊቷ ቀላ። "ልክ ነዎት" አለችና ማጠቧን ቀጠለች።

በዚያ ዓመት ድርቁ ረዘመ። ወንዙ ከስቶ በድንጋይና በድንጋይ መካከል ሾልኮ የሚሄድ ሆነ። በደኑ ውስጥ ቅጠሉ፣ በእርሻው ውስጥ ገለባው ዝናብ ሳያጥበው ተከመረ። ከዚያ የላይኛው አገር ላይ ዝናቡ ባንዴ ወረደ። የወንዙ አፍ ላይ ጠብታ አልጣለም፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ሙቀቱም ነፋስ የሌለበት ዓይነት ነበር። ውሃው ግን መጣ። ቀጭን ሻይ የነበረው እንደ ወፍራም ሻይ ጠቆረ፤ ጠርሙስ ውስጥ ተቀድቶ ከኋላው የያዘው ጣት አይታይም።

ፌርማታ መነጽሩን አውልቆ አየው። "ይኼ ነገር ደህና ነው?" አለ።

"ገና አይታወቅም" አለችው።

በማግስቱ ታወቀ። ጠርሙሶቹን ከሣጥኑ አውጥታ መለኪያውን ስትነክር ቁጥሩ ወረደ፣ ወረደ፣ አልቆመም። መለኪያው ተበላሽቶ መስሏት ሌላ አመጣች። ያኛውም ያንኑ አሳየ። ባክቴሪያው ያገኘው ትኩስ ቀለብ ነበርና በሳምንት ይበላል የምትለውን በአንድ ቀን በልቶታል። ዶክተሯን ጠራቻት። ዶክተሯ አንድ ጊዜ አይታ ነገሩ ገባት፤ ወዲያው ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት ደወለች። ስልኩን የዘጋችው ከንፈሯን ነክሳ ነው።

"ሰኞ ኮሚቴ ይሰበሰባል አሉኝ።"

"ዛሬ ሐሙስ ነው" አለች ሴትዮዋ።

"እሱንም ነግሬያቸዋለሁ።"

ሁለቱም ያሰቡት አንድ ቦታ ነው። ወንዙ ባሕር ከመግባቱ በፊት የሚታጠፍበት ሰፊ ክርን አለ፤ ውሃው ዘና ብሎ የሚተኛበት። ዋርሳዋ ዓሣ የሚያረባባቸው አራት የመረብ ቤቶች ያሉት እዚያ ነው። ከበድ ያለው የባሕር ውሃ ከታች ይተኛል፤ ቀለል ያለው የወንዝ ውሃ እንደ ክዳን ከላይ ይደፋበታል። ነፋስ ካልበጠበጠው አየር ወደ ታች አይደርስም። እላይ ያለውን ኦክስጅን ባክቴሪያው እየጨረሰው፣ እታች የሚገባ የለም። ዓሣ ደግሞ መረብ ውስጥ ሆኖ የት ይሄዳል።

"እኔ እደውልለታለሁ" አለች ዶክተሯ። ደወለችለት፤ አላነሳም። ዋርሳው ጠዋት ጠዋት ስልኩን ጀልባ ውስጥ አስቀምጦ መረብ ላይ ነው የሚውለው።

"እኔ እሄዳለሁ" አለች ሴትዮዋ። ፍርሃትም ሐሞትም አልነበረም ያስነሳት። ጠርሙስ እንደማጠብ ያለ፣ መደረግ ያለበት ነገር ሆኖ ታያት።

ፌርማታ ሲያደርሳት ዋርሳው የመረብ ቤቶቹን በሚያያይዘው ጣውላ ላይ ቆሞ የዓሣ መኖ ይበትናል። አያት። ጎንበስ ብሎ መበተኑን ቀጠለ።

"እንደምን ዋልክ" አለችው።

ሌላ እፍኝ መኖ በተነ።

"ውሃው ኦክስጅን እያለቀበት ነው። መረቦቹን ወደ ባሕሩ ማውጣት አለብህ። ዛሬ።"

"አንቺ" አለ፣ ቀና ሳይል፤ "ወንድሜን በቀበርኩበት ወር እንኳ በሬን አላንኳኳሽም። ዛሬ ለዓሣ መጣሽ?"

"አዎ፣ ለዓሣ ነው የመጣሁት።"

ያን ጊዜ ቀና አለ። የመኖውን ባልዲ እንደያዘ ወደሷ ቀረበ። እሷ መለኪያውን በገመዱ ወደ ውሃው ሰደደች። ከላይ ያለውን አነበበችለት። ዝቅ አድርጋ መሃሉን አነበበችለት። ከታች ስትደርስ ሳታነብ መለኪያውን ወደሱ አዞረችው።

"ይኼ ስንት መሆን ነበረበት?" አለ።

"የዚህ ሦስት እጥፍ።"

"ሲበሉ ነው የቆዩት እኮ።"

"መኖውን ተመልከተው።"

ተመለከተው። የበተነው መኖ ውሃው ላይ እንዳለ ይንሳፈፋል። ዓሦቹ ወደ ላይ መጥተዋል፤ አፋቸውን ከውሃው በላይ ከፍተው ይዘጋሉ፤ ሊበሉ ግን አልመጡም።

ዋርሳው የመኖውን ባልዲ አስቀመጠ። "ጀልባችሁ ይጎትታል?" አለ፣ ወደ ፌርማታ ዞሮ።

"ይጎትታል" አለ ፌርማታ። "ቀስ ብሎ ነው እንጂ።"

"ቀስ ነው የሚያስፈልገው። ከፈጠናችሁ ዓሣው መረቡ ላይ ተጨፍልቆ ያልቃል።"

"ጌታዬ፣ እኔ አሮጊት ቆማ እንኳ ሳትንገዳገድ ዕድሜዬን ነድቻለሁ" አለ ፌርማታ፣ የካፖርቱን እጅጌ እየጠቀለለ።

የመጀመሪያውን የመረብ ቤት በሁለቱ ጀልባዎች መሃል አስረው ጎተቱ። ሞተሮቹ ይጮሃሉ፣ ጀልባዎቹ ግን የሚሄዱ አይመስሉም፤ ዳር ላይ ያለ ሽማግሌ በእግሩ ቀደማቸው። እሷ መሃል ላይ ተቀምጣ በየጊዜው መለኪያውን ትነክራለች። "ገና ነው" ትላለች። "ገና ነው።" ወደ ባሕሩ የተዘረጋውን የአሸዋ ምላስ አልፈው የባሕሩ ሞገድ ጀልባውን ማንሳት ሲጀምር ቁጥሩ ወጣ። "እዚህ" አለች። መልሕቅ ጣሉ። ሁለተኛውንም እንዲሁ አወጡት። ሦስተኛው ላይ የባሕሩ ውሃ ሸሽቶ መጉደል ጀምሮ ነበርና መረቡን የአሸዋው ጫፍ ያዘው፤ ዋርሳው "አቁም" ሲል ፌርማታ ወዲያው አቆመ፣ መረቡ ግን ከታች ተቀዷል። ዓሦቹ ከቀዳዳው እየተሹለከለኩ ወጡ። ዋርሳው ቆሞ አያቸው።

"ይሂዱ" አለ። "ቢያንስ እነሱ ይሂዱ።"

ወደ አራተኛው ሲመለሱ ምንም የሚጎተት አልነበረም። መረቡ ውስጥ ነጭ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተኝተዋል። ሌላው የወንዙ ዓሣም በክርኑ ዳር ዳር መንሳፈፍ ጀምሯል። ዋርሳው ጣውላው ላይ ተቀመጠ። 

በማግስቱ የሞተውን ዓሣ ማውጣት ነበረባቸው። ከቆየ እሱም በስብሶ ይሟሟል፤ ባክቴሪያው እንደገና ይበላል፤ ነገሩ ይብሳል። ዶክተሯ ራሷ ቡትስ አድርጋ መጣች። ከሰፈሩ ሰዎች የቻሉት መጡ፤ ያን ጊዜ ያሟትም ነበሩባቸው። በእጅ መረብ እየጨለፉ ወደ ጆንያ፣ ከጆንያ ወደ ጋሪ፣ ከጋሪ ወደተቆፈረው ጉድጓድ። ሽታው ቆዳ ውስጥ ይገባል።

ወደ እኩለ ቀን ላይ ሴትዮዋና ዋርሳዋ አንድ ጆንያ ከሁለት ጫፍ ይዘው ቀሩ። ሞሉት። ሲሞላ አሰሩት። ዋርሳው ከማንሳቱ በፊት ቆመ።

"ያን ቀን" አለ። "ምን ነካሽ?"

አሰበች። ለምን እንደጠየቀ ሳይሆን መልሱን ነው ያሰበችው፤ ከዚያ በፊት ማንም በቀጥታ ጠይቋት አያውቅም።

"አላውቅም" አለች። "ሳጥኑን አየሁት። ሳጥኑ ሲታይ የሚሠራውን እጄ ያውቀዋል። እጄ ሠራ። እኔ የት እንደነበርኩ አላውቅም።"

"አሁንስ?"

"አሁንም አላውቅም።"

ዋርሳው የጆንያውን አፍ ደግሞ አጠበቀው፤ የታሰረ ነበር። "ካንቺ ዘንድ ወጥቼ" አለ፣ "እኔ የት የሄድኩ ይመስልሻል?"

"ክሊኒክ።"

"እዚህ ነው የመጣሁት። ዓሦቹ ጠዋት አልበሉም ነበር። ቆሜ አራቱንም አበላኋቸው። ከዚያ ነው ወንድሜ ወዳለበት የተመለስኩት።" አፍንጫውን በክንዱ ጠረገ። "ለማንም አልነገርኩም። ስላንቺ ሲወራ ግን አብሬ አወራሁ።"

 ልትቆጣ የሚገባ ይመስላታል፤ ቁጣውን ፈለገችው፣ የለም። ያዘነችለትም አልመሰላትም። ግን ጆንያው ከባድ እንደሆነ፣ እሱም ወገቡን እንደሚያመው ታውቃለች።

"እኩል እናንሳው" አለችው። "ወገብህን።"

"እሺ፣ እታለም" አለ። አነሱት።

ዋርሳው የተረፉትን ሁለት የመረብ ቤቶች እዚያው ከአሸዋው ምላስ ማዶ አቆያቸው፤ ሞገዱ ያስቸግረዋል፣ ገመድ በየጊዜው ይቀይራል፣ ግን ወደ ክርኑ አልተመለሰም። ጣቢያው አንድ የኦክስጅን መለኪያ መረቡ ላይ ገጠመለት፤ ቁጥሩን በስልኩ ያያል። ያ መለኪያ ለሷ ሌላ ሥራ ሆነባት። ሰውየው ቁጥሯ ትንሽ ዝቅ ባለች ቁጥር ይደውላል። "እታለም፣ ወረደ።" "ስንት ሆነ?" "ስድስት ነጥብ ሁለት።" "ደህና ነው።" "ጠዋት ስድስት ነጥብ አራት ነበር እኮ።" "ደህና ነው አልኩህ፤ ተኛ።" ሚስቱ በበኩሏ ስልኩን ቀምታ "እባክሽ ይኼን ሰውዬ ንገሪልኝ፣ ቤት ውስጥ ማውራት ትቶ ለቁጥር ብቻ ነው የሚኖረው" ትላለች። ኮሚቴው ሰኞ ተሰበሰበ፤ የሚወጣ ዓሣ ባይኖርም መመሪያ አወጣ።

በሰፈሩ ስለሷ የሚወራው ተለወጠ፤ ጨርሶ ግን አልቆመም። አሁን "ደረቅ ናት፣ ግን ሥራዋን ታውቃለች" ይሏታል። ፌርማታ ይህን ሲነግራት "የመጀመሪያው እውነት ነው" አለችው።

በዓመቱ ልጇ ለእረፍት መጣች። ሁለቱ ከሰዓት በኋላ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ታች ጎማ ጠጋኙ ከደንበኛ ጋር ሲከራከር ያዳምጣሉ። ልጅቷ ከመጣች ጀምሮ ልትጠይቅ ያሰበችው ነገር እንዳለ ፊቷ ላይ ይታያል።

"እማዬ፣ አባዬን አታስቢውም?"

"አስበዋለሁ።"

"ምን ታስቢያለሽ?"

"እሱ ሲናገር የነበረውን። ብዙ ይናገር አልነበር? ጀልባ ላይ ስሆን አንዱ ይመጣብኛል።"

"ያን ጊዜ አያስለቅስሽም?"

እናትየው በእውነት ልትመልስላት ሞከረች። ወደ ራሷ አየት አድርጋ ምን እንዳለ ፈለገች፤ ያለው ያው የደነዘዘ ነገር ነው። ጠርዙ አካባቢ ግን ትንሽ የተለየ መሰላት፤ መሆኑን እርግጠኛ አይደለችም።

"አልመጣም" አለች። "ከመጣ እነግርሻለሁ።"

"ምኑ?"

"ለቅሶው። ሲመጣ እደውልልሻለሁ።"

ልጅቷ ሳታስበው ሳቀች፤ ስትስቅ ዓይኗ ሞላ። እናትየው አይታ መሃረብ ለማምጣት ልነሳ አለች። ልጅቷ ክንዷን ይዛ አስቀመጠቻት።

"ተይው እማዬ፣ አትሂጂ። እንደዚሁ ተቀመጪ።"

ተቀመጠች። የልጇ ጭንቅላት ትከሻዋ ላይ አረፈ፤ ይከብዳል፣ ይሞቃል። ታች ደንበኛው ተሸንፎ ይሁን አሸንፎ ሄደ፣ ጎማ ጠጋኙም መዶሻውን አንስቶ ሥራውን ቀጠለ። እሷ ልጇ እስክትነሳ ድረስ አልተነቃነቀችም።